ከድንበሩ ጫፍ የቆሙ ምሰሶዎች

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ሰላማዊት ላፕቶፗን ከአቧራ በፌስታል ሸፍና ቆቦ ቤቴ ድረስ መጣች። ሰላማዊት በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት አብራኝ የሠራች መሐንዲስ ናት። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ምድቧ እኛ ዘንድ ሆኖ የራያን ሙቀት እያማረረች ለመደችው። የቀረበልንን ሻይ ገና ሳንጠጣው የአንድ ምሰሶ ሸክም ጻፈች፣ አንድ ቁልፍ ነካች፤ የመሠረቱ ርዝመትና ወርድ፣ ውፍረቱ፣ የሚገባበት ፌሮ ብዛትና ርቀት ተደርድሮ ወጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይህን በእጅ ስንት ቀን ይፈጅብዎት ነበር?» አለችኝ።

እንደ ምሰሶው ነው አልኳት። ሸክሙ መሠረቱ መሀል ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግማሽ ቀን፤ ከመሀል ሸሽቶ ዳር ላይ የሚያርፍ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን። አንዱ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አለመሆኑን ስነግራት ላፕቶፑን ዘግታ አዳመጠችኝ፤ ስትሄድም ይህን ነገር ይጻፉት ብላኝ ሄደች። እነሆ ጻፍኩት።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሕንፃ መሠረት ስነድፍ ነው። በተለይ በእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር ለብቻው የሚቀመጠውን የአርማታ ሰሌዳ፣ እኛ ፉቲንግ የምንለውን። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጠው በር ላይ ነው፤ የእኔ ሥራ በዚያን ጊዜ አፈር ከለበሰ ወራት አልፎታል። አልከፋኝም። ሰው ሳያስበው የሚረግጠውን ነገር መሥራት የራሱ ኩራት አለው።

የተቀጠርኩት በዞኑ ከተማ በዲዛይን ክፍል ነበር። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል፤ ቢሮው ሁለት ጠረጴዛና አንድ የሚያንኳኳ መስኮት ነበረው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ አበጀ ይባሉ ነበር። ከጎጃም ተመድበው መጥተው እኛው ዘንድ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እርሳሳቸውን በምላጭ ነበር የሚቀርጹት፤ መቅረጫ ጫፉን ያደነዝዘዋል ይሉ ነበር።

አቶ አበጀ አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። የትኛውም ስሌት ቁጥር ከመጻፉ በፊት በወረቀቱ አናት ላይ ሸክሙ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ በአማርኛ መጻፍ አለበት። «ይህ ምሰሶ የጣሪያውን ክብደት ይቀበላል፤ ነፋስ ከምሥራቅ ሲገፋው ክብደቱ ወደ ምዕራብ ጠርዝ ይሸሻል» ዓይነት። ያ ዐረፍተ ነገር ከሌለ ወረቀቱን መልሰው ይሰጡሃል። ዐረፍተ ነገሩ ካላማራቸውም ይመልሱታል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ቀመሩን ጠጥቼ የመጣሁ ሰው ስለነበርኩ ይህ የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር ከቢሮው ጓሮ ወዳለው የአሸዋ ክምር ወሰዱኝ። አሸዋውን በአካፋ አስተካክለው አጭር ጣውላ ጣሉበትና መሀሉ ላይ ቁም አሉኝ። ቆምኩ፤ ጣውላው እኩል ሰመጠ። ትንሽ ወደ ዳር ሽሽ አሉኝ። በእግሬ በኩል ያለው ጠርዝ ጠለቅ አለ፣ ሌላው ጫፍ ግን አሸዋውን አልለቀቀም። አሁንም ሽሽ አሉኝ። የኋላው ጫፍ ብድግ አለና ከሥሩ ብርሃን ታየ።

«ከመሀል የወርዱን አንድ ስድስተኛ ያህል እስክትሸሽ ድረስ መሠረትህ በሙሉ አፈሩን እንደነካ ነው» አሉኝ። «ከዚያ ካለፍክ ጀርባው ይነሳል። አፈር ይገፋል እንጂ አይጎትትም። የተነሳውን መልሶ የሚይዝልህ የለም።»

ፌሮውን ያስተማሩኝም እንዲሁ ነው። ሸክሙ ወደ አንድ ጠርዝ ሲሸሽ አፈሩ በዚያ በኩል ያለውን የመሠረት ክንፍ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክንፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ ሆዱ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ብረቱ ከሆዱ በኩል ይተኛል፣ በዚያ በኩልም ጠንከር ይላል። በተነሳው ጀርባ ላይ ያለው አፈር ደግሞ ክንፉን ወደ ታች ይጫነዋል፤ እዚያ የሚለጠጠው ላይኛው ፊቱ ነው፣ ብረትም ላይ ይፈልጋል። ውፍረቱን የምታበዛው ምሰሶው መሠረቱን እንደ ምስማር እንዳይበሳው ነው። አቶ አበጀ ይህን ሁሉ በእጃቸው መዳፍ ነበር የሚያሳዩት፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ከሥር በሌላኛው እጅ ጣቶቹን ወደ ላይ ይገፏቸው ነበር።

ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ወይም የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ጎብዬ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲሠራለት ተወሰነና ዲዛይኑ ለእኔ ተሰጠኝ። ግቢው ጠባብ ስለነበር አንደኛው የምሰሶ ረድፍ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ የሚቆም ነበር። እኔ ግን ቦታውን ሳላይ በተሰጠኝ ንድፍ ላይ ተመሥርቼ ለሁሉም ምሰሶ እኩል፣ አራት ማዕዘን፣ ምሰሶውን መሀል ላይ ያደረገ መሠረት ሠራሁ። ቁፋሮ ሲጀመር ፎርማኑ ስልክ ደወለልኝ። በአጥሩ በኩል ያለው መሠረት ግማሹ የጎረቤት ይዞታ ውስጥ ይገባል፣ ምን እናድርግ አለኝ።

አቶ አበጀ በዚያ ሳምንት ታመው አልገቡም ነበር። ቆይ ልጠይቅ ማለት ነውር መሰለኝ። ስሌቱንም አላወጣሁትም። እንዲህ አልኩት፦ «መሠረቱን ወደ ውስጥ ሳቡት፤ ምሰሶው ባለበት ይቁም። ስፋቱ እንደሆነ አይቀንስም።»

ጥፋቴ ይህች ዐረፍተ ነገር ናት። ስፋቱ በእርግጥ አልቀነሰም። ነገር ግን ምሰሶው ከመሠረቱ መሀል ወደ ጠርዙ ሸሸ። የጎብዬ አፈር ደግሞ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው።

ሁለተኛው ክረምት አልፎ ትምህርት ሲከፈት የቤተ መጻሕፍቱ በር አልገጥም አለ። ከዚያ ግድግዳው ከምሰሶዎቹ ተላቀቀ። አንዲት መምህርት ስንጥቁ በሳምንት ውስጥ ሲሰፋ አይታ፣ የማንንም ትእዛዝ ሳትጠብቅ ልጆቹን አስወጥታ በሩን ቆለፈች። ማንም አልተጎዳም። ያልተጎዱት በእሷ ነቃ ማለት እንጂ በእኔ ጥንቃቄ አይደለም።

የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ለዚያ ሕንፃ ድንጋዩን ያጋዙት ገበሬዎች ነበሩ፤ ከፊሉን በአህያ፣ ከፊሉን በትከሻቸው። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ተነስተው ጥፋቱ የግንበኛው ነው የሲሚንቶው ብለው ጠየቁ። ግንበኛው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱን ደፍቷል። ተነሳሁና የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው አልኩ። ምን እንዳጠፋሁም ነገርኳቸው። አዛውንቱ አዩኝና፣ ታዲያ ለልጆቹ ምን እንበላቸው ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱ አቶ አበጀ ይዘውኝ ወደ ጎብዬ ተመለሱ። ከአንዱ የጠርዝ ምሰሶ ሥር በውስጥ በኩል አስቆፈሩ፤ የመሠረቱ ጀርባ ብቅ አለ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ እንድወርድ አደረጉኝ።

«እጅህን ከሥሩ አስገባ» አሉኝ።

አስገባሁ። እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። አርማታው ከአፈሩ ተነስቶ ባዶ አየር ላይ ነበር። ከላይ ሆነው ምን እንደሚሰማኝ ጠየቁኝ። ምንም የለም አልኳቸው። አዎ፣ ምንም የለም አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር በሕይወታቸው ወቅሰውኝ አያውቁም። ሕንፃው ፈረሰ። ድንጋዩ ግን አልባከነም፤ በግቢው መሀል፣ ከአጥር ርቆ፣ በእሳቸው ክትትል እኔው ንድፉን ሠርቼለት ዳግም ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታውን በእግሬ ሳልረግጥ መሠረት ነድፌ አላውቅም። በሮቢት የእህል መጋዘን ሠራሁ፤ የጣሪያው ብረት ምሰሶዎቹን ዘወትር ወደ ውጭ ስለሚገፋ መሠረቶቹን ሆን ብዬ ወደሚገፉበት አቅጣጫ አንሸራትቼ አስቀመጥኳቸው፤ ሸክሙ ተገፍቶ ሲመጣ ልክ መሀላቸው ላይ አረፈ። በዋጃ ለገበያው ዳስ እንዲሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ፤ አንዱ ደብዳቤ ይወዳል፣ አንዱ ስብሰባ። አቶ አበጀ ጡረታ ወጥተው ወደ ጎጃም ተመለሱ። በየወረቀቴ አናት ላይ ግን ያ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አልቀረም፤ አሁን ሌሎችን የማስጽፈው እኔ ሆኜ ነበር።

ከዚያ የቆቦው ሥራ መጣ። ጤና ጣቢያው ባለ አንድ ፎቅ የእናቶች ማዋለጃ እንዲሠራለት ተፈቀደ። የተገኘው ቦታ ቀጭን ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ሐጂ ዑመር የሚባሉ የእህል ነጋዴ ቤትና መጋዘን ድንበሩ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ያሉት አምስት ምሰሶዎች ከድንበሩ ጫፍ መቆም ነበረባቸው። የጎብዬ ነገር ራሱ፣ አንድ ፎቅ ጨምሮ።

ሐጂ ዑመርን ሄጄ ለመንኳቸው። ከመሬት በታች ስድሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢፈቅዱልን ማንም ሳያየው ይቀበራል አልኳቸው። ከሱቃቸው ደጃፍ አስቀምጠው አስተናገዱኝ፤ ከዚያ ረጋ ብለው ምክንያታቸውን ነገሩኝ። ከአባታቸው በወረሱት መሬት ድንበር ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ወንድምየው ሞቷል።

«ድንበር ወንድሜን አሳጥቶኛል፣ ጀማል» አሉኝ። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ በድንበር ነገር አልገባም። አልሰጥም፣ አልወስድም። አትቀየመኝ።»

አልተቀየምኳቸውም። የጤና ጣቢያው ሰዎች ግን ተጨነቁ። አንዱ ኃላፊ በቀበሌ እናስገድድ አለ፤ ሌላው ሕንፃው ይጥበብ አለ። ቢጠብ ስድስት አልጋ ይቀንስ ነበር። አዋላጇ ሲስተር ዘሐራ ስብሰባው ላይ እናቶች አሁን እንኳ ምንጣፍ ላይ እንደሚተኙ ተናግራ ወደ እኔ አየች። ሁለት ሳምንት ስጡኝ አልኩ።

በዚያ ሁለት ሳምንት የሠራሁት ሥራ ከሕይወቴ ሁሉ የምኮራበት ነው። የጠርዙን ምሰሶ መሠረት ድንበሩ ላይ አቆምኩትና ወደ ውስጥ ዘረጋሁት። ብቻውን ቢተው እንደ ጎብዬው ይገለበጣል። ስለዚህ ከጠርዙ ምሰሶ እስከ ቀጣዩ የውስጥ ምሰሶ ድረስ የሚሄድ ወፍራም የአርማታ ማሰሪያ ነደፍኩ። የጠርዙ መሠረት ጀርባውን ላንሳ ሲል ማሰሪያው አያስነሳውም፤ በሌላው ጫፍ የውስጡ ምሰሶ በክብደቱ ይዞታል። ማሰሪያው ራሱ አፈር ላይ ማረፍ የለበትም፤ ዋልካው ክረምት ሲያብጥ ከሥር እንዳይገፋው ከሥሩ የጤፍ ጭድ ተነጥፎ ላዩ በላስቲክ እንዲሸፈን ጻፍኩ። ጭዱ ሲበሰብስ ለአፈሩ ማበጫ ክፍተት ይተዋል።

ስጨርስ ጎጃም ደወልኩ። የአቶ አበጀ ዓይን ደክሞ ስለነበር ስሌቱን ገጽ በገጽ በስልክ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም።

«የማሰሪያው ወፍራም ብረት ላይ ነው ታች?» አሉኝ።

ላይ ነው አልኳቸው።

«በወረቀት ላይ ነው ወይስ በቦታው ላይ?»

ፌራዮዎቹ ብረቱን የሚያስሩት በዚያው ሳምንት ነበር። አርማታ የሚሞላበት ቀን በማለዳ ሳይት ደረስኩ። ማደባለቂያው ይሽከረከራል፣ ሠራተኛው ተሰልፏል፣ የተቋራጩ ሰው ሰዓቱን ያያል። ጉድጓድ ወርጄ የመጀመሪያውን ማሰሪያ አየሁ፤ አራቱ ወፋፍራም ፌሮዎች ከታች ተኝተዋል። አምስቱም እንደዚያው ነበሩ።

የፌራዮዎቹ አለቃ ካሕሳይ የዋጃ ሰው ነው፤ እጁ የተመሰገነ፣ ቋጠሮው የማይላላ። ወረቀቱን ሳያይ ቀርቶ አልነበረም፤ ወረቀቱ የተሳሳተ መስሎት ነው።

«ኢንጂነር፣ ሃያ ዓመት አግዳሚ ቢም ሳስር ወፍራሙ ከታች ነው» አለኝ። «ተገልብጦ የተሳለ መስሎኝ አስተካከልኩት።»

ልክ ነህ፣ በሌላ ቢም ቢሆን ልክ ነህ አልኩት። ከአጥሩ ሥር እርጥብ የማሽላ አገዳ አመጣሁና አንድ ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። ድንጋዩ አፈሩ ነው፤ ይህ ጫፍ የጠርዙ ምሰሶ ነው፣ ያኛው የውስጡ ምሰሶ ነው፤ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ታች ተጫነው አልኩት። ተጫነው። አገዳው ድንጋዩ ላይ ሲታጠፍ የላይኛው ቅርፊት ተሰነጠቀ።

ካሕሳይ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሌላ አገዳ አንስቶ ራሱ ደገመው። ከዚያ ፒንሳውን ይዞ ጉድጓድ ወረደና የራሱን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። የተቋራጩ ሰው ቀኑ ይቃጠላል ብሎ ተቆጣ፤ በኋላም ደብዳቤ ጻፈብኝ። ደብዳቤው ዛሬም መዝገብ ቤት አለ። እኔም ጃኬቴን አውልቄ ከካሕሳይ ጎን ሽቦ ቆረጥኩ። እኩለ ቀን ሳይሞላ አምስቱም ማሰሪያዎች ወፍራም ብረታቸውን ላይ አድርገው ተጠናቀቁ፤ ከሰዓት አርማታው ተሞላ። የመጨረሻው ባሬላ ሲገለበጥ ካሕሳይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ተገልብጦ ሲመጣብኝ ደውዬ እጠይቅሃለሁ አለኝ። ቃሉን ጠብቋል፤ ሥራ ላይ እስከነበርኩ ድረስ ይደውልልኝ ነበር።

ማዋለጃው ከተከፈተ በኋላ አራት ክረምት አለፈ። በአምስተኛው፣ አንድ ከሰዓት፣ በከተማው ጠብታ ሳይወርድ ከምዕራቡ ተራራ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ደረሰ። ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ በገበያው በኩል ገባና የጤና ጣቢያውን ግቢ ሞላው። ለቀናት አልወረደም። ዋልካው ውሃውን ጠጥቶ አበጠ።

ውሃው ሲጎድል ሰላማዊትን ይዤ፣ የመለኪያ መሣሪያውን አሸክሜ ሄድኩ። በየምሰሶው ላይ በግንባታው ጊዜ ያስቀረጽኩት ምልክት ነበር። እሷ በመሣሪያው ታያለች፣ እኔ የቀድሞውን መዝገብ ይዤ እሰማለሁ። ከምሥራቁ ረድፍ የመጀመሪያውን ነገረችኝ፤ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው እንደነበረ ነው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዱም ንቅንቅ አላለም» አለችኝ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲስተር ዘሐራ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ከላይ ያሉት ወላዶች ይውረዱ ወይስ ይቆዩ ስትል ጠየቀች። ይቆዩ አልኳት። ያን ቃል በሙሉ አፌ መናገር ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ወደ ቤት ስሄድ ጎጃም ደወልኩ። አቶ አበጀ ሰምተው ሲጨርሱ፣ እንግዲህ አፈሩ ፈረመልህ አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት ብቸኛ ምስጋና እሱ ነው።

የሐጂ ዑመር ቤት ግን አልተረፈም። በደረቅ ድንጋይ መሠረት ላይ የቆመው የመጋዘኑ ግድግዳ ወርዶ የቤቱን ማዕዘን ይዞት ሄደ። ቤተሰቡ ውሃው እስኪጎድል ማዋለጃው ፎቅ ኮሪደር ላይ ነበር የሰነበተው፤ ሲስተር ዘሐራ ናት ያስጠጋቻቸው።

የጡረታ ወረቀቴ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ሐጂ በራቸው ላይ ጠርተው አስገቡኝ። አዲስ ቤት ሊሠሩ ነው። አሁንም ከድንበራቸው ጫፍ መነሳት ይፈልጋሉ፤ ወደ ውስጥ ከገቡ ሱቁ ይጠባል። ልጄ፣ እኔ ያኔ አልሰጠሁህም፣ አሁን ደግሞ ልጠይቅህ አፍራለሁ አሉኝ።

«አብሽሩ ሐጂ፣ የማንም መሬት አያስፈልገንም» አልኳቸው።

ቁፋሮውን በጥቂት በጥቂቱ አስደረግኩ፤ አንዱ ክፍል ሳይሞላ ሌላው አይከፈትም፣ ከማዋለጃው መሠረት በታችም አንድ ዶማ አይወርድም። ካሕሳይ ፌሮውን ሊያስር ከዋጃ መጣ። የሐጂ መሠረት ጀርባውን ለማዋለጃው መሠረት ሰጥቶ ወደ ራሱ ግቢ ተዘረጋ፤ ማሰሪያውም ወደ ራሱ የውስጥ ምሰሶ ሄደ።

አርማታው በደረቀ ማግስት ሐጂ ዑመር ሲባጎ ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ በሰሜኑ የድንበር ድንጋይ፣ ሌላውን በደቡቡ አሰሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ሲባጎውን እየተከተሉ ሄዱ። በግራ በኩል የእናቶቹ መሠረት፣ በቀኝ የእሳቸው፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ በክፍተቱ መሀል ሲባጎው። የትኛውንም አልነካም።

መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«እናንተም አላለፋችሁ፣ እኔም አላለፍኩ» አሉ፤ ሲባጎውንም ፈትተው እየጠቀለሉ ወደ ሱቃቸው ገቡ።